የማይሰበር የሮቦት እጅ ለመሥራት ከአንድ ጣት ጀምሩ

ግራ ክንዳችሁን በቀኝ እጃችሁ ጨብጡና የግራ ጣቶቻችሁን አጥፋችሁ ዘርጉ። ከቆዳው ሥር የሚላወሰው ጡንቻ ነው ጣቶቹን የሚያጥፋቸው። ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም፤ ኃይሉ በጅማት ተስቦ ከክንድ ይመጣል። እናንተም ሞተሩን ክንድ ላይ አድርጉት፤ ጣቱንም እንደ ጅማት በሚያገለግል ክር ይሳበው። ጣት ውስጥ ከገባ ጣቱ ይወፍራል፣ ግጭቱም ሁሉ የሞተሩ ጥርስ ላይ ያርፋል።

አምስቱን ጣት ባንዴ አትጀምሩ። አንዱን ሠርታችሁ እስኪበላሽ ፈትኑት።

መጀመሪያ ሒሳቡ። ጣቱ 80 ሚሊሜትር ቢረዝምና ክሩ ከመገጣጠሚያው መሃል 10 ሚሊሜትር ርቆ ቢያልፍ፣ የጣቱ ጫፍ በ1 ኪሎ እንዲጫን ክሩ በ8 ኪሎ መሳብ አለበት፤ ሰበቃው ሳይቆጠር። ሞተር ስትገዙ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ።

ለጅማት ዳይኔማ ከሚባለው፣ እምብዛም ከማይለጠጥ ጠንካራ ፕላስቲክ የተጎነጎነ ዓሣ ማጥመጃ ክር ውሰዱ። ናይለን ይለጠጣል። ዳይኔማም አመል አለው፤ ስለሚያንሸራትት ተራ ቋጠሮ ይፈታበታል፣ ጭነት ሲበዛበትም ቀስ በቀስ ይረዝማል። ስለዚህ ክብደት አንጠልጥላችሁበት አሳድሩት፤ ጫፉ ላይም እንደ ክራር መቃኛ እየተጠመዘዘ የሚያጠብቅ ነገር ግጠሙለት። ጣቱን መልሶ ለመዘርጋት ቀጭን ሞላ ይበቃል።

ክር የሚበጠሰው በሚታጠፍበት ቦታ ነው። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ኩሽኔታ ያለው ትንሽ ፑሊ (ክሩ የሚዞርበት ባለ ቦይ መንኮራኩር) አስገቡ። ቦታ ከጠበበ ክሩን በቴፍሎን ቱቦ አሳልፉት፤ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ግን በጥፍራችሁ እየዳበሳችሁ ሞርዱ። ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ ክርም ይበላል።

ጥንካሬ ሲባል ብዙ ሰው ወፍራም ብረት ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። የጀርመኑ የጠፈር ምርምር ማዕከል ዲኤልአር የሠራው እጅ 38 ጅማቶች አሉት፤ ሞላ ስለተገጠመላቸው ጣቱ በመዶሻ ሲመታ እንኳ ተለምጦ ይመለሳል እንጂ አይሰበርም። እናንተም በክሩና በሞተሩ መካከል ጠንካራ ሞላ አስገቡ።

አሁን ጣቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ አሳድሩት። ጠዋት ክሩን በብርሃን እዩት። ጭራሮ የመሰለ ፀጉር ካወጣ፣ ያ ቦታ የሚነካው ጠርዝ ገና አልተሞረደም ማለት ነው። ክሩን ጣቱን ሳታፈርሱ መቀየር እንድትችሉም መንገዱን ክፍት አድርጉ፤ መበጠሱ አይቀርምና።

ሲሳካ ሌሎቹን ሦስት ጣቶች በዚያው ልክ ድገሙ። አውራ ጣት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ ወደ ጎን ዞሮ የትንሿን ጣት ጫፍ መንካት አለበት። የጣቶቹን ጫፍ ለስላሳ ሲሊኮን አልብሷቸውና ቡና የተሞላ ሲኒ አስይዟቸው።