የጠቆረ የጥንት የብር ጌጥ፦ ችግሩና መፍትሔው

የጥንት የብር ጌጥን ከዕድሜው ይልቅ ለማጽዳት ተብሎ የሚደረግበት ፍትጊያ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ውሃም ሆነ ሳሙና ከመቅረቡ በፊት የሚታየው ምን እንደሆነ በጥሩ ብርሃን መለየት ይገባል።

ጌጡ በሙሉ ጠቁሯል። መንስኤው በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ጋዝ ከብሩ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ድንጋይ፣ ዶቃ፣ ክርም ሆነ የወርቅ ቅብ የሌለው ልሙጥ አምባር ወይም አልቦ ከሆነ፣ በሳህን ላይ የአልሙኒየም ፎይል አንጥፎ፣ ጌጡን ፎይሉን እንዲነካ አስቀምጦ፣ ቤኪንግ ሶዳ የተበጠበጠበት ሙቅ ውሃ ማፍሰስና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል፤ የሚሸተው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ድኙ ከብሩ እየለቀቀ መሆኑን ያሳያል። የተቀረጸ መስቀል ግን በዚህ መንገድ ባይጸዳ ይሻላል። በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ሐረጉን አጉልቶ የሚያሳየው ስለሆነ፣ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ብቻ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ማሸት በቂ ነው። አመድና የጥርስ ሳሙና ብሩን ይጭሩታል፤ በረኪና ደግሞ ይበላዋል።

በመጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ብዙ የአገራችን ጌጥ የተሠራው 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ማርትሬዛ ብር ቀልጦ ነው፤ የዚህ ገንዘብ 83.3 በመቶው ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ከላብና ከቅቤ ጋር ሲገናኝ እንደ ሰም የሚለጠፍ አረንጓዴ ቅርፊት ያወጣል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ በረጠበ ጥጥ አለስልሶ በእንጨት ስንጥር ማንሳት ነው፤ መርፌ አይነካውም።

ቢጫው ቀለም እየለቀቀ ነው። ይህ የወርቅ ቅብ ነው፤ በጣም ስስ በመሆኑ በፈተጉት ቁጥር ይሳሳል። በደረቅ ጥጥ አቧራውን ከማንሳት ያለፈ ነገር በቤት ውስጥ አይሞከር።

የአምበሩ ዶቃ ደብዝዟል ወይም ይጣበቃል። ሽቶ፣ አልኮልና ሙቅ ውሃ አምበርን ይጎዳሉ። በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው ማድረቅ፣ ክሩንም ከውሃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ክሩ ከሳሳ በአዲስ ይሰካ።

ጸድቶ በቶሎ ይጠቁራል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማስቀመጫው ነው። ጎማና የሱፍ ጨርቅ ድኝ ስላላቸው፣ ጌጡ በሚገባ ከደረቀ በኋላ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሚዘጋ ፌስታል ውስጥ ይቀመጥ።