አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም የያዙ ቅርንጫፎችን የዘር ሐረግ ሲፈልጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም ይዘው ሲገናኙ፣ በተለይ እዚያው ተወልደው ያደጉት ልጆች፣ ከአንድ ግንድ የወጡ ቅርንጫፎች ስለ መሆናቸው መጠየቅ ይጀምራሉ። ፍላጎቱ የሚከበር ነው፤ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት ሳሉ መፈለጉም ያስፈልጋል። ነገር ግን አብዛኛው ፍለጋ ከተሳሳተ ቦታ ይነሳል፣ ከተሳሳተ ቦታ የተነሳ ፍለጋ ደግሞ እውነተኛውን ዘመድ ትቶ ባዳውን ዘመድ አድርጎ ይመዘግባል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በእኛ የስም አወጣጥና የስደት ታሪክ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚታዩ ናቸው።

የመጀመሪያውና ከባዱ ስህተት የመጨረሻውን ስም የዘር ስም አድርጎ መውሰድ ነው

በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ በአባቱና ሲያስፈልግ በአያቱ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም ሕዝቡ በነባሩ ልማድ ቀጥሏል። ስለዚህ የአንድ ሰው ሁለተኛ ስም የሚነግረን አባቱ ማን ይባል እንደ ነበር ብቻ ነው። በቀለ፣ ታደሰ፣ ከበደ፣ ተስፋዬ የሚባሉ አባቶች በየአውራጃው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ ሁለት ሰዎች «በቀለ» በሚለው ስም መገናኘታቸው ስለ ዝምድናቸው የሚነግረን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ከአርሲ በቆጂ አካባቢ የወጡት እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ዲባባ እኅትማማቾች ስለሆኑ አንድ የአባት ስም ይጋራሉ፤ የቅርብ ዘመዳቸው ደራርቱ ቱሉ ግን በስሟ ከእነሱ ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። በስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ደራርቱን ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ያደርጋት ነበር። በታሪካችን ውስጥም የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ እና የተምቤኑ ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉት፣ በአንድ ዘመን የኖሩ ሁለት ካሣዎች ናቸው፤ የአባት ስምና የትውልድ አገር ባይጨመርበት የአንዱ ታሪክ በሌላው ላይ በቀላሉ ይለጠፍ ነበር። ስለዚህ በማስታወሻ ላይ የሚሰፍር እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ አራት ነገሮች አብረውት ሊሰፍሩ ይገባል፤ የራሱና የአባቱ ስም፣ የተወለደበት ቀበሌ ወይም ደብር፣ የኖረበት ዘመን፣ እንዲሁም የእናቱ ስም ከነአባቷ።

ስሙ መቼና በማን ጠረጴዛ ላይ እንደ ረጋ አለመጠየቅ

በአገር ቤት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ በውጭ አገር ግን አንድ ቀን ይረጋል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚወለዱ ልጆች ሁሉ ያንኑ ስም ይወርሳሉ። የረጋው የአባት ስም ይሁን የአያት፣ በአብዛኛው የተወሰነው ቅጹን በሞላው ሰው ነው። ስለዚህ የአንድ አባት ሁለት ልጆች በተለያየ ጊዜና መንገድ ሲሰደዱ፣ አንዱ በአባቱ ስም ሌላው በአያቱ ስም ይመዘገባል፤ ልጆቻቸውም የአጎት ልጆች ሆነው ሳለ የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ያድጋሉ።

ይህ ጎልቶ የሚታየው በቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሙሴ ዘመቻ በሱዳን በኩል የገቡት፣ እና ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የተጓዙት ከ14,000 በላይ ሰዎች፣ እስራኤል ሲደርሱ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዝግቦላቸዋል፤ ብዙዎቹም አዲስ የዕብራይስጥ የመጠሪያ ስም ተሰጥቷቸዋል። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ዓመታት ስላለፉ ወንድም ከወንድሙ በተለያየ ስም የተመዘገበበት ቤተሰብ አለ። ስለዚህ የዚህን ማኅበረሰብ ሐረግ የሚፈልግ ሰው የእስራኤሉን ስም ትቶ፣ ቤተሰቡ ከጎንደር፣ ከወገራ፣ ከሰሜን ተራሮች አካባቢ፣ ከደምቢያ ወይስ ከትግራይ መነሳቱን፣ በየትኛው መንደር እንደ ኖረና ያገለግሉት የነበሩት ቄስ እነማን እንደ ነበሩ መጠየቅ ይኖርበታል። በዚህ ሕዝብ ዘንድ እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመዱ ሰዎች ስለማይጋቡ፣ ሐረግ ቆጠራው በሽማግሌዎች አእምሮ ውስጥ በጥንቃቄ ተይዟል። ሰባት ቤት መቁጠር በክርስቲያኑ የሰሜን ሕዝብም ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መዝገብ አላውቅም።

የላቲን አጻጻፍን እንደ ማስረጃ መቁጠር

በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል አምስት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ጸጋዬ፣ ኃይሌ ወይም ዐቢይ የሚሉትን ስሞች የጻፏቸው ሰዎች ድምፁን እንደ ሰሙት ጽፈዋቸዋል። ስለዚህ የአጻጻፍ ልዩነት ሁለት ቅርንጫፎችን አይለያቸውም፣ የአጻጻፍ መመሳሰልም አያገናኛቸውም። የበለጠ የሚጎዳው ጥምር ስም ሲቆረጥ ነው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት የሚሉ ስሞች በቅጽ ላይ ለሁለት ተከፍለው «ገብረ» የመካከለኛ ስም፣ «መድኅን» ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆነው የቀሩባቸው ቤተሰቦች አሉ። ስሙ በግእዝ ፊደል እንዴት እንደ ነበር አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

አንድ ሰው አንድ ስም ብቻ ነበረው ብሎ ማሰብ

ቀድሞ ትልልቅ ሰዎች የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ነበራቸው። ተፈሪ መኮንን፣ ኃይለ ሥላሴና አባ ጠቅል አንድ ሰው መሆናቸውን ሁላችንም የምናውቀው ንጉሥ ስለነበሩ ነው፤ የአንድ ገጠር ባላባት ሦስት ስሞች ግን በሦስት የተለያዩ ሰዎች ስም ሊመዘገቡ ይችላሉ። ካህናት ሟቹን በክርስትና ስሙ ያስታውሱታል፣ ዘማቾች በፈረስ ስሙ፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ በቤት ስሙ። ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ አለቃ፣ መምሬ፣ ሼህ እና ሐጂም ማዕረግ ናቸው እንጂ ስም አይደሉም። ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ የተለወጠበት፣ ሃይማኖት ሲቀይር ስም የቀየረ፣ ያሳደገው አጎት በራሱ ስም ያስመዘገበውም ብዙ ነው። የማደጎና የጉዲፈቻ ልጅ ደግሞ በቤቱ ሕግ ፍጹም ልጅ ስለሆነ፣ ፈላጊው የሥጋውንም የማሳደጉንም ሐረግ አክብሮ ለየብቻ መጻፍ አለበት።

በአባት በኩል ብቻ መውጣት

የውጭ አገር የቤተሰብ ስም በአብዛኛው በአባት በኩል ስለሚተላለፍ፣ ልጆቻችን ሐረግም እንደዚያው ይመስላቸዋል። የአማራና የትግራይ ርስት ሥርዓት ግን በተቃራኒው የሚሠራ ነበር፤ አንድ ሰው የርስት ድርሻ የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ወደ አቅኚው አባት መውጣቱን ቆጥሮ በማሳየት ነው። በዚህ ምክንያት ሽማግሌዎች በአያታቸው እናት በኩል የሚገኘውን ሐረግ ጭምር ይዘውት ቆይተዋል፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ቅርንጫፎች የሚገናኙት ማንም ስሟን ባልወረሰው በአንዲት ሴት ላይ ነው። ቅርንጫፎቹን የምታገናኘውን ያችን ሴት ሳይጠይቁ መቅረት የሐረግን ግማሽ በገዛ እጅ መቁረጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ መጨመር አለበት። የርስት ሐረግ ለክርክር የሚቀርብ ሐረግ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ንብረት እስኪሆን ድረስ ትውልድ መቁጠር ከመሬት ጥቅም ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ አንዳንዱ ቆጠራ ለተከራካሪው በሚስማማ መንገድ አጥሯል ወይም ተቀጥሏል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ የነገሩትን በሌላው ቅርንጫፍ ሽማግሌ ቃል ማመሳከር እንደ አለመተማመን ሊታይ አይገባም፤ ሁለቱ ሳይመካከሩ በአንድ ስም ላይ ከተገናኙ ያ ስም ጠንካራ ነው።

የሽማግሌን ቃል ያለ ዘመን መጻፍ

«ወንድሜ» የተባለው የአጎት ልጅ፣ «አያቴ» የተባለው ደግሞ ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ ከቅድመ አያት በላይ ያሉት መጠሪያዎች ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩም ደረጃውን በቁጥር መጻፍ ይሻላል። ዕድሜን በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ከሚታወቅ ክስተት ጋር ማገናኘት ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ሰውየው በክፉ ቀን ረሃብ ዘመን፣ ማለትም ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ፣ ልጅ ነበር ወይስ አባወራ? በየካቲት 1888 ዓ.ም. አድዋ ዘምቷል? በኅዳር 1911 ዓ.ም. በሽታ የሞተ ሰው በቤቱ ነበር? በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ሲዘምት ስንት ልጅ ወልዶ ነበር? በእነዚህ ጥያቄዎች ስምንት ወይም ዐሥር ዓመት ገደማ የሚያዛባ ግምት መያዝ ይቻላል፤ አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት እንደሆነ በማሰብም ቆጠራው የጎደለው ደረጃ እንዳለ ይታያል።

በውጭ ወረቀት ላይ ያለውን የልደት ቀንም በጥርጣሬ ማየት ይገባል። በስደተኛ መጠለያ ቀኑን ያላወቀ ሰው ጥር 1 ላይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እንደ ተወለደ ይመዘገብ ነበር፤ የእኛን ዓመት ሳይለውጥ ያስመዘገበ ሰው ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ዕድሜው ይጨምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ ስምንት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የመጨረሻውን መኖሪያ የትውልድ አገር ማድረግ

ወደ ውጭ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ በአገር ውስጥ ስንት ጊዜ ተሰዷል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በነበረው የሰፈራ ዘመቻ 600,000 ገደማ ሰዎች ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተወስደዋል። ከዚያ በፊትም ወታደሮች፣ ካህናትና ነጋዴዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ሄደው ሰፍረዋል። ስለዚህ «ከመቱ ነን» ያለ ቤተሰብ ሥሩ ወረኢሉ ሊሆን ይችላል።

መዝገብ የለም ብሎ መተው

የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ የአያቶችን የልደት ወረቀት መፈለግ በአብዛኛው ከንቱ ነው። ነገር ግን ሌሎች ጽሑፎች አሉ። የዕድር መዝገብ አባሉ ቢሞትበት ዕድርተኛው የሚቀብርለትን ዘመድ በዝምድና ዓይነት ይዘረዝራል። በውርስ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማረጋገጫ የሟቹን ልጆች በምስክሮች ቃል በስም ያስቀምጣል። በቆዩ አድባራት ውስጥ ደግሞ በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና ሽያጭ ከነምስክሮቹ ተጽፎ ይገኛል፤ ይህን ለማየት የአለቃውን ፈቃድ ጠይቆ በአክብሮት መሄድ ያስፈልጋል።

የዘረመል ምርመራ ሁሉን ይፈታል ብሎ መጠበቅ

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄደው ክሮሞዞም ሁለት ቤተሰቦች በወንድ መስመር መገናኘታቸውን ለመፈተን ይጠቅማል፤ የአባት ስም በየትውልዱ ቢለወጥም መስመሩ አይለወጥምና ለእኛ ጠቃሚ ነው። በእናት በኩል የሚተላለፈው ደግሞ የእናትን መስመር ብቻ ይከተላል። ጠቅላላው ምርመራ ግን በቅርብ ዘመዶች ላይ ጠንካራ ሆኖ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል፤ የቅድመ አያታቸውን አያት የሚጋሩ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ምንም የሚታይ የጋራ ቁራጭ ላያገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ውጤቱ ባዶ መሆኑ ዝምድናን አይሽርም፣ በተለይ ከኢትዮጵያ የተመረመረው ሰው ጥቂት በሆነበት ሁኔታ።

በመጨረሻም በሕይወት ያለን ሰው ወረቀት በአደባባይ መለጠፍ ትልቅ ጥፋት ነው። አንድ ሰው በስደት ሂደት የወንድሙን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ቤተሰቡ የማይናገረው የአባትነት ጉዳይ ወይም በቀድሞ ዘመን በባርነት በቤት ያደገ አባል ሊኖር ይችላል። ያገኙትን ሐረግ ለዘመድ ሲያካፍሉ ከአያት በታች ያሉትን ስሞች ትተው፣ የቀሩትንም የነገረዎትን ሽማግሌ ፈቃድ ጠይቀው ይስጡ፤ እያንዳንዱ ስም አጠገብም ማን፣ የትና በየትኛው ዓመት እንደ ነገረዎት ይጻፉ።