የልብስ እድፍን እንዴት ማስለቀቅ ይቻላል

ከልብስ ላይ አልለቅ ብሎ የሚቀር እድፍ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው የማይለቅ ሆኖ ሳይሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በችኮላ በተደረገ ነገር ምክንያት የጸና ነው። ደም የነካው ሸሚዝ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ዘይት የፈሰሰበት ሱሪ በእርጥብ ጨርቅ ይፈተጋል፤ የታጠበው ልብስ ደግሞ እድፉ መልቀቁ ሳይታይ ይተኮሳል። ሦስቱም ለበጎ ታስበው የሚደረጉ ቢሆኑም ችግሩን ያባብሱታል። ስለዚህ ውሃ ከመቅዳትዎ በፊት ልብሱን የነካው ነገር ከምን የተሠራ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ፤ ፕሮቲን፣ ቅባት፣ የዕፅዋት ቀለምና ዝገት የሚለቁበት መንገድ የተለያየ ነውና።

እድፉ እንደነካ የሚደረገው

በመጀመሪያ በልብሱ ላይ የቀረውን ትርፍ ያንሡ። ወፍራም ነገር ከሆነ በማንኪያ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰቡ ይፋቁት፤ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ንጹህ ነጭ ጨርቅ ደርበው ጫን እያደረጉ ያስመጥጡት። ወዲያና ወዲህ ማሸት ፈሳሹን ወደ ክሩ ውስጥ ከመግፋትና እድፉን ከማስፋት በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። ጨርቁ ነጭ እንዲሆን የሚመከረው ባለ ቀለም ጨርቅ የራሱን ቀለም ሊያጋባ ስለሚችል ነው፤ በነጩ ላይ ደግሞ እድፉ ምን ያህል እየለቀቀ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ጭቃ ግን በዚህ ደንብ አይገዛም። እርጥብ ሳለ ከተነካ ይበልጥ ስለሚቀባ፣ ጨርሶ እስኪደርቅ ተትቶ በብሩሽ ከተራገፈ በኋላ ነው የሚታጠበው።

ቀጥሎ በልብሱ ውስጠኛ ስፌት ላይ ያለውን የእጥበት መመሪያ ይመልከቱ። ውሃ የያዘ ሳፋ በሚመስለው ምልክት ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ልብሱ የሚችለውን ከፍተኛ የውሃ ሙቀት በዲግሪ ሴንቲግሬድ ያመለክታል። ሦስት ማዕዘኑ በረኪናን የሚመለከት ሲሆን፣ የተሰረዘ ከሆነ በረኪና ሊነካው አይገባም። ሳፋው ራሱ ከተሰረዘ ልብሱ በውሃ የማይታጠብ ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ ከመሞከር ይልቅ ወደ ላውንደሪ መውሰድ ይሻላል።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ሙከራ ነው። ሊጠቀሙበት ካሰቡት ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በታችኛው እጥፋት ውስጥ ያድርጉና ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ከዚያም በነጭ ጨርቅ ጫን አድርገው ይዩ። ጨርቁ የልብሱን ቀለም ይዞ ከተነሣ ያ ፈሳሽ ለዚያ ልብስ አይሆንም። ማለቅለቅ ሲጀምሩም ልብሱን ገልብጠው ውሃው ከእድፉ ጀርባ እንዲወርድ ያድርጉ፤ እድፉ በገባበት በኩል ተመልሶ ይወጣል እንጂ ጨርቁን አቋርጦ አያልፍም።

ደም፣ ወተትና እንቁላል

እነዚህ ሦስቱ ፕሮቲን ያላቸው ናቸው። የእንቁላል ነጩ ክፍል በመጥበሻ ላይ እንዴት እንደሚረጋ ያየ ሰው፣ ሙቅ ውሃ ደም በነካው ልብስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት አይቸገርም፤ ፕሮቲኑ በክሩ መሃል ይረጋና ይጣበቃል። ስለዚህ መነሻው ምንጊዜም ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ልብሱን ከጀርባው በኩል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይያዙት፤ በመጀመሪያ ቀይ፣ ቆይቶም ሮዝ ሆኖ የሚወርደው ውሃ እስኪጠራ ድረስ አይቸኩሉ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ለ30 ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ለውጠው በሳሙና ይጠቡት።

የደረቀ ደም ከሆነ ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና ይመረጣል። ኢንዛይሙ ፕሮቲንን እየቆራረጠ የሚያላቅቅ ስለሆነ፣ ጊዜ ከተሰጠው በመፈተግ የማይገኘውን ውጤት ያስገኛል። ነገር ግን ሱፍና ሐር ራሳቸው ፕሮቲን በመሆናቸው ይኸው ኢንዛይም ልብሱንም ሊጎዳው ይችላል። ለነጭ የጥጥ ልብስ በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጥሩ ነው። ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ የሚያወጣው በደም ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ስለሚለውጠው ነው። አረፋውን በጨርቅ እያነሡ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ ቀለምን የማንጣት ባሕርይ ስላለው ግን ባለ ቀለም ልብስ ላይ ያለ ሙከራ አይጠቀሙበት።

ዘይትና ቅባት

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት በውሃ መጀመር ነው። ውሃ ቅባትን አያሟሟም፤ ዘይት የነካውን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ቅባቱን ያሰራጨዋል እንጂ አያነሣውም። መጀመሪያ ልብሱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የሕፃናት ፓውደር ወይም የበቆሎ ስታርች በእድፉ ላይ ወፈር አድርገው ይነስንሱ። ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዱቄቱ ዘይቱን መጥጦ ሲጠቁርና ሲጓጉል ያዩታል፤ በብሩሽ አራግፈው አዲስ ዱቄት ይጨምሩ።

ዱቄቱ መጥቆር ሲያቆም በእድፉ ላይ ውሃ ያልተቀላቀለበት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያድርጉና በጣት ጫፍ በቀስታ ያዳርሱት። የሳሙና ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ቅባትን፣ ሌላኛው ውሃን ስለሚይዝ ቅባቱን አቅፎ ከውሃው ጋር ይወስደዋል። ከ10 ደቂቃ በኋላ መመሪያው በሚፈቅደው መጠን በሞቀ ውሃ ያለቅልቁት፤ ለደም ጠላት የነበረው ሙቀት ለቅባት አጋዥ ነው። ፖሊስተር ከጥጥ ይልቅ ዘይትን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ አንድ ጊዜ አጥቦ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ቡና፣ ሻይና እርድ

የቡናና የሻይ እድፍ ታኒን የተባለ ከዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር አለበት። ለዚህ ዓይነቱ እድፍ ከቅባት የሚሠራው ደረቅ ሳሙና እድፉን ሊያጸናው ስለሚችል ፈሳሽ ወይም የዱቄት ዲተርጀንት መጠቀም ይመረጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ ከሁለት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው በእድፉ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ ከዚያም በዲተርጀንት ይጠቡት። ቡናው ወተት የነበረበት ከሆነ መጀመሪያ ስለ ፕሮቲን የተባለው ይቀድማል።

እርድ የነካው ልብስ ሳሙና ሲነካው በድንገት ወደ ቀይ ቢለወጥ አይደንግጡ። የእርድ ቀለም የሆነው ኩርኩሚን በሳሙና ውስጥ ካለው አልካላይ ጋር ሲገናኝ መልኩን ስለሚለውጥ ነው። ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም፤ ስለዚህ በደንብ አጥበው ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ከቀን ወደ ቀን ይደበዝዛል።

የእስክሪብቶ ቀለም፣ ዝገት፣ ላብና ማስቲካ

እኔ ራሴ በኪስ የረሳሁትን እስክሪብቶ ከሸሚዙ ጋር ዘፍዝፌ፣ አንዲት ነጥብ ልትሆን ትችል የነበረችውን የደረቴን ሙሉ ግማሽ ሰማያዊ ካደረግሁ በኋላ ነው የተማርኩት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በውሃ ሳይሆን በአልኮል ነው የሚሟሟው። ከእድፉ ሥር የታጠፈ ነጭ ፎጣ ያኑሩ፤ 70 በመቶ አልኮል የነካ ጥጥ ከላይ ጫን ጫን ሲያደርጉ ቀለሙ ወደ ፎጣው ይወርዳል። የፎጣውን ንጹህ ቦታ እየለወጡ፣ ቀለም መስጠቱን እስኪያቆም ይቀጥሉ። ለጥፍር ቀለም አሴቶን ያገለግላል፤ ሆኖም አሴቴት የተባለውን ጨርቅ ስለሚያሟሟ መለያውን ሳያነቡ አይሞክሩት።

ዝገት በሎሚ ጭማቂና በጨው ይለቃል፤ አሲዱ የብረት ኦክሳይዱን ያሟሟዋል። በረኪና በዝገት ላይ ከተደረገ ግን እድፉን ያባብሰዋል። በብብት ላይ የሚታየው ቢጫነትም ብዙ ጊዜ በላብ ብቻ ሳይሆን ላብ ከሚከላከሉ ቅባቶች የሚገኘው የአልሙኒየም ጨው ከላቡ ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ስለሆነ በረኪና አይበጀውም። ለነጭ ልብስ ቤኪንግ ሶዳን በ3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አቡክተው ለ30 ደቂቃ ይቀቡት። ማስቲካና የሻማ ሰም ደግሞ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት አድርገው በማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ካስቀመጡት ደርቀው ይሰባበራሉ።

በረኪናን በሚመለከት

በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ፣ ከአሞኒያ ጋር መቀላቀል ደግሞ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያስወጣል። ስለዚህ አንዱ አልሠራ ብሎ ሌላውን ከመሞከርዎ በፊት ልብሱን በብዙ ውሃ ያለቅልቁ። ሱፍንና ሐርን በረኪና ስለሚበላቸው ምንም ያህል ነጭ ቢሆኑ አያስነኳቸው።

ከታጠበ በኋላ

እርጥብ ጨርቅ ላይ ደብዛዛ እድፍ አይታይም። ልብሱን በማድረቂያ ማሽን ሳይሆን በአየር ያድርቁትና በቀን ብርሃን አዘንብለው ይዩት። የቀረ ጥላ ካለ ሳይተኩሱ ያንኑ ሕክምና ከመጀመሪያው ይድገሙ፤ የቆየ እድፍ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስን ይጠይቃል፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ጥቂት እየሳሳ ይሄዳል።