ነጩ ቦሎቄ የት ገባ? የዘር ውርስ ስናስተምር የሚገጥመን ችግርና መፍትሄው

ጂንና ክሮሞዞም ምን እንደሆኑ ክፍሉ ያውቃል ብዬ ልነሳ። ፑኔት ስኩዌሩንም (የእናትና የአባት ጂን የሚጣመርበትን ሠንጠረዥ) ሞልተው ማርካቸውን አግኝተዋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምልክት፦ «ዶሚናንቱ ሪሰሲቩን ያጠፋዋል» ይላሉ። (ዶሚናንት አንዱ ብቻ ቢኖርም የሚታየው ጂን ነው፤ ሪሰሲቭ ሁለቱም እሱ ሲሆኑ ብቻ የሚታየው።)

መንስኤ፦ ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ዶሚናንትን «አሸናፊ» ብለን እንተረጉመዋለን። የተሸነፈ ደግሞ ከሜዳ ይወጣል፤ ልጁ የሚያውቀው ይህንን ነው። አንዲት ተማሪዬ ፈተና ላይ «ሪሰሲቭ ጂን ቀስ በቀስ ይሞታል» ብላ ጻፈች። ኤክስ አደረግኩባት። በኋላ ደብተሯን ሳገላብጥ «አሸነፈው» የሚለውን አገኘሁት። ቃሉ የራሴ ነበር።

መፍትሄ፦ ቦሎቄ። ሁለት ጥቁር ፌስታል ያዙ፤ አንዱ እናት፣ አንዱ አባት። በየፌስታሉ 10 ቀይና 10 ነጭ ክተቱ። ቀዩ የሐምራዊ አተር አበባ ጂን ነው፣ ነጩ የነጭ አበባ። ልጁ ሳያይ ከየፌስታሉ አንድ አንድ ያውጣ። አንድ ቀይ እንኳ ካለ አበባው ሐምራዊ ነው። ቀይና ነጭ የደረሰውን መዳፉን አስዘርጉት። «ነጩ ቀላ?» አልቀላም። «ጠፋ?» ይኸው፣ መዳፉ ላይ ነው። አሁን ያንኑ ነጭ ለልጁ ሊያወርስ እንደሚችል ንገሩት። ክፍሉ «አሃ!» የሚለው እዚህ ጋ ነው።

የወጣው ፍሬ ወደየፌስታሉ ይመለስ። የፍሬዎቹ መጠን እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ እየዳሰሱ ይመርጣሉ። የነቀዘ አትግዙ። ሽምብራ ቆሎማ በፍጹም! አንዴ ይዤ ገብቼ ሁለተኛው ረድፍ ሳይደርስ እናትየው ባዶዋን ቀረች።

ምልክት፦ አራት ጊዜ አውጥተው ሁለት ነጭ አበባ የደረሳቸው «ተሳሳትን» ብለው ከጎናቸው ይገለብጣሉ።

መንስኤና መፍትሄ፦ ሦስት ለአንድን (ሦስት ሐምራዊ፣ አንድ ነጭ) እንደ ራሽን ቆጥረውታል። ዕድል መሆኑን ለማሳየት የሁሉንም ቡድን ውጤት ሰሌዳ ላይ ደምሩ። የዘር ውርስን በአተር ያጠናው ሜንዴል ራሱ በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ 705 ሐምራዊና 224 ነጭ ነው የቆጠረው። ልክ ሦስት ለአንድ አልመጣለትም። 929 ተክል ቆጥሮ እንኳ!

ምልክት፦ «ዶሚናንት ከሆነ ብዙ ሰው ላይ አለ።»

መፍትሄ፦ ስድስተኛ ጣት ብዙ ጊዜ በዶሚናንት ጂን ነው የሚወረሰው፤ ስንት ሰው ላይ አያችሁ? የኦ ደም ሪሰሲቭ ነው፤ በየቤቱ ግን አለ።

አሁን ደግሞ የምለምናችሁ ነገር አለ። ምላስ መጠቅለልን የቤት ሥራ አድርጋችሁ አትስጡ። የዘር ውርስ ተመራማሪው ስተርተቫንት በ1940 እ.ኤ.አ. ዶሚናንት ነው ብሎ ነበር። በኋላ ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ሲታዩ አንዱ እየጠቀለለ ሌላው አቃተው፤ ስተርተቫንትም ሐሳቡን ቀየረ። አሮጌው የመልመጃ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ ፎቶ ኮፒ ይደረጋል። እኔም አድያለሁ። በማግስቱ አንድ ልጅ በር ላይ ጠበቀኝ። «ቲቸር፣ እኔ እጠቀልላለሁ፣ እናቴም አባቴም አይችሉም። ልጃቸው አይደለሁም?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሌሊቱን አልተኛም። የጆሮ ጫፍም፣ የአገጭ ስርጉድም ያው ነው፤ አትንኩት። የወላጅ የደም ዓይነትም አታስጠይቁ። ቦሎቄው ይበቃል።

ኤቢ ደም ላይ ሁለቱም ጂኖች እኩል ይታያሉ፤ ሌላ ቀን አስተምሩት።

ለጂን ምልክት (ትልቁ ፊደል ለዶሚናንት፣ ትንሹ ለሪሰሲቭ) ደግሞ የእንግሊዝኛውን ሲ (C) ወይም ኤስ (S) አትምረጡ። በእጅ ሲጻፉ ትልቁና ትንሹ አይለዩም፤ እርማት ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።