ሊንኩን ከመንካታችሁ በፊት የላኪውን አድራሻ እዩ

ትናንት ፒያሳ ቡና እየጠጣን ለጓደኛዬ ኢሜይል ገባላት። «አካውንትዎ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፤ እዚህ ተጭነው ያረጋግጡ» ይላል። የላኪው ስም የባንኳ ነው፤ ሎጎውም ቁርጥ እሱኑ። ልትነካው ስትል እጇን ያዝኳት። የላኪውን ስም ነካ ስናደርገው ዋናው አድራሻ ወጣ። ኤል የምትባለው ፊደል መኖር ያለባት ቦታ ላይ 1 ቁጥር ተሰክታለች! ስልክ ላይ ቶሎ አትታይም።

እባካችሁ የላኪ ስም አትመኑ፤ ማንም የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። ሊንኩንም ሳትከፍቱ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ብታቆዩት አብዛኛው ስልክ የት እንደሚወስዳችሁ ያሳያል። ማንም ሰው በኢሜይል ፒን ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ከጠየቃችሁ ሌባ ነው፣ አለቀ። ከተጠራጠራችሁ ራሳችሁ ባንኩ ጋ ደውሉ፤ ስልክ ቁጥሩን ግን ከኢሜይሉ ላይ እንዳትወስዱ።