የፕሮግራም ቋንቋ ሲሻሻል በሰዓት አያያዝ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትዕግሥቴን ከጨረሰው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ ስሪት 3.12 «ዩቲሲናው» የተባለውን ተግባር ጊዜው ያለፈበት ብሎ ፈርጆታል፤ ተግባሩ የዩቲሲን፣ ማለትም የአገሮች ሰዓት ሁሉ የሚለካበትን የጋራ ሰዓት ይሰጣል እንጂ ሰዓቱ የየትኛው የሰዓት ክልል እንደሆነ የሚናገር ምልክት አያያይዝበትም። በምን እንደሚተካ ማስጠንቀቂያው ራሱ ይናገራል። ብዙዎች ግን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ «ናው» በተባለው ተግባር ይተኩትና በቅንፉ ውስጥ መግባት ያለበትን ዩቲሲን ይተዉታል። ባዶ ቅንፍ የሚሰጠው የማሽኑን ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የተስተካከለ እስከሆነ ድረስ ምንም አይታይም፤ ቴስቱ ያልፋል፣ ማስጠንቀቂያውም ይጠፋል። ሥራው በአዲስ አበባ ሰዓት ወደተስተካከለ ማሽን በተዛወረ ቀን ግን እያንዳንዱ አዲስ መዝገብ 3 ሰዓት ወደፊት ይዘላል። ይህን ኮድ እንዲያርሙት ስመልስላቸው «ማስጠንቀቂያው እኮ ጠፍቷል» የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ መቁጠር ትቻለሁ። በትክክል የተኩትም ቢሆኑ አዲሱን ሰዓት በዳታቤዙ ካለው ምልክት የለሽ ሰዓት ጋር ሲያወዳድሩት ፕሮግራሙ ይቆምባቸዋል፤ ያን ጊዜ ምልክቱን ከአዲሱ ላይ መግፈፍ ሳይሆን አሮጌው መዝገብ በምን ሰዓት እንደተጻፈ አጣርቶ ምልክት መስጠት ነው የሚገባው።

ሁለተኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ። ፓይቲዚ በተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) ስንሠራ የሰዓት ክልሉን «ሎካላይዝ» በሚለው ተግባር ሳናሳልፍ በቀጥታ ሰዓቱ ላይ ከለጠፍነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ በሰዓት ክልሉ መዝገብ መጀመሪያ ያገኘውን ከዩቲሲ ያለ ልዩነት ይወስዳል። በዓለም አቀፉ የሰዓት ክልሎች መዝገብ የአዲስ አበባ ስም ከናይሮቢ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ የሚወሰደው ከመቶ ዓመት በፊት የነበረው የናይሮቢ የፀሐይ ሰዓት፣ ማለትም ከዩቲሲ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ የሚቀድመው ነው። በዚህም ምክንያት ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ 3 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ሆኖ ይወጣል። እኔ ምክንያቱን ሳልፈልግ 33 ደቂቃ የሚቀንስ መስመር ጻፍኩና ቤቴ ገባሁ። ከጊዜ በኋላ በፓይተን 3.9 ወደመጣው «ዞንኢንፎ» የተባለ ቤተ መጻሕፍት ስንሸጋገር ሰዓቱ ተስተካከለ፤ የእኔ መስመር ግን በቦታዋ ስለነበረች ቀጠሮዎቹ ሁሉ በ33 ደቂቃ ወደኋላ ሄዱ። ከመሸጋገራችሁ በፊት እንዲህ ያሉ ማስተካከያዎችን በኮዱ ውስጥ ፈልጉ።

ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቀንና ሰዓት ስትጽፉ መጨረሻ ላይ ዩቲሲን የሚያመለክተውን ዜድ (Z) ወይም የሰዓት ልዩነቱን አትተዉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የቋንቋው መስፈርት ያለ ምልክት የተጻፈ ሰዓት ዩቲሲ ነበረ፣ በዛሬው መስፈርት ግን የአካባቢ ሰዓት ነው።

የመጨረሻው ስህተት አለማሻሻል ነው። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሰዓት ክልሎችን መዝገብ ራሱ ይዞ ስለሚጫን የማሽኑን ስርዓት ማደስ ብቻውን አይበቃውም፤ ሱዳን በኖቬምበር 2017 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደኋላ ስትመልስ፣ ያልታደሰ ጃቫ ካርቱምንና አዲስ አበባን በእኩል ሰዓት መቁጠሩን አላቆመም። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንድ ባልደረባዬ እ.ኤ.አ. በ2019 አጋማሽ የኢትዮጵያን የሰዓት አቆጣጠር በሰሌዳ ለማሳየት ሲፈልግ፣ ከእኛ 6 ሰዓት ወደኋላ የሆነውን የሳኦ ፓውሎን የሰዓት ክልል መረጠ። ብራዚል በዚያው ዓመት በበጋ ወራት ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ማስቀደምን አስቀርታ ነበር፤ አሮጌው ጃቫ ግን ይህን አልሰማም። ኖቬምበር 3 እሑድ ጠዋት ልክ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በሳኦ ፓውሎ እኩለ ሌሊት ነበርና፣ ሰሌዳው 1 ሰዓት ብሎ ቁጭ አለ። ጃቫውን ማደስ ሰሌዳውን አስተካከለው፤ እኔ ግን የሳኦ ፓውሎን ስም አስወጥቼ የአዲስ አበባን አስገባሁና ስድስቱን ሰዓት በማሳያው ኮድ ላይ ብቻ እንዲቀነስ አደረግሁ።