የነዳጅ ጌጁ ሲዋሽ፦ በገዛ እጅ ለተሠራ አውሮፕላን ችግርና መፍትሄ

ከፋብሪካ የወጣ አውሮፕላን የነዳጅ ጌጁ ተለክቶ ነው የሚመጣው። ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃችሁ የሠራችሁትን ግን እናንተ ካልለካችሁት ማንም አልለካላችሁም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የተሠሩ አውሮፕላኖች በሺዎች ይቆጠራሉ። ከታች ከማነሳቸው ችግሮች ብዙዎቹ መሬት ላይ፣ በአንድ ቀን ሥራ የሚያልቁ ናቸው።

መርፌው ከባዶ ወይም ከሙሉ አይነቃነቅም

መጀመሪያ ሽቦውን ጠርጥሩ። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ባለ ተንሳፋፊ ሴንሰር ጋኑ ባዶ ሲሆን 240 ኦም፣ ሲሞላ 33 ኦም ገደማ ነው፤ ኦም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከላከለው ኃይል መለኪያ ነው። ስለዚህ ሽቦው ከተበጠሰ ጌጁ ባዶ ይላል። ሽቦው ተልጦ ቦዲ ከነካ ሙሉ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ትነት ባለበት ብልጭታ እንዳይፈጠር አስቀድማችሁ ባትሪውን ፍቱ። ከዚያ ሽቦውን ከሴንሰሩ ነቅላችሁ ሴንሰሩን በመልቲሜትር ለኩ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የጌጁ ነው። ጋኑን ስታሽጉ የቀባችሁት ማሸጊያ ሴንሰሩን ከማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ከሚመለስበት ቦዲ፣ ለይቶትም ሊሆን ይችላል። ያኔ ከሴንሰሩ ወደ ማሳ ለብቻው ሽቦ ሳቡለት። የማረፊያ መብራት ስታበሩ መርፌው የሚዘልም ከሆነ ሁለቱ አንድ ደካማ ማሳ እየተጋሩ ነው።

ስትሞሉ መርፌው ወደ ባዶ ከሄደስ? ሴንሰሩና ጌጁ አይተዋወቁም ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ሴንሰር ባዶው 10፣ ሙሉው 180 ኦም ነው። አንዱን ቀይሩ።

ለረጅም ጊዜ ሙሉ ይላል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል

ብዙ ሰው ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ ይቀይረዋል። አልተበላሸም። በገዛ እጅ እንደሚገጣጠሙት ቫንስ አርቪ ባሉ አውሮፕላኖች ጋኑን የያዘው ክንፍ ከሥሩ ወደ ጫፉ ከፍ እያለ ይሄዳል። ተንሳፋፊው ያለው ደግሞ ክንፉ ሥር፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው። ጋኑ ገና ሳይሞላ ተንሳፋፊው ጣሪያውን ይነካና ይቆማል። ከዚያ በላይ የጨመራችሁትን ነዳጅ አያየውም።

መፍትሄው መለካት ነው። አውሮፕላኑን በበረራ ላይ በሚኖረው አቋም አስተካክሉት። ትንሿ ጎማ ጭራው ላይ ከሆነች ጭራውን አንስታችሁ ደግፉት። አለዚያ አፍንጫው ሽቅብ እያየ የምትለኩት ሁሉ ይዛባል። ነዳጁን በሙሉ አውጡ። ከዚያ ሁለት ሁለት ጋሎን፣ ማለትም 7.6 ሊትር ገደማ እየጨመራችሁ ጌጁ የሚለውን ጻፉ። ዜሮ የሚባለው ጋኑ ሲደርቅ አይደለም፤ ለሞተሩ የማይደርሰው ነዳጅ ብቻ ሲቀር ነው። መርፌው መውጣት ያቆመበትን መጠን ደግሞ ጽፋችሁ ጌጁ አጠገብ ለጥፉት። የአርቪ-7 አንዱ ጋን 21 ጋሎን ይይዛል። ጌጃችሁ ለምሳሌ ከ16 በላይ የማያይ ከሆነ ያንን ማወቅ አለባችሁ።

እግረ መንገዳችሁን ጋኑ ውስጥ ነክራችሁ ነዳጁን የምትለኩበት የእንጨት ዘንግም ምልክት አድርጉበት። እኔ ከጌጁ ይልቅ ዘንጉን አምናለሁ። ዘንጉ ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚቆምበት አቋም ነው የሚለካው። ስለዚህ ጭራ ጎማ ላላቸው ሥራው ሁለት ጊዜ ነው። አይታክታችሁ።

ነዳጅ ቀይራችሁ ጌጁ ከፍ አለ

ይህ የሚያጋጥመው ተንሳፋፊ የሌለውን፣ ካፓሲቲቭ የሚባለውን ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚለየው አየርንና ነዳጅን በኤሌክትሪክ ባህሪያቸው ነው። በዚህ መለኪያ አየር 1፣ ቤንዚን 2 ገደማ፣ ኤታኖል ደግሞ 24 ገደማ ነው። ስለዚህ ኤታኖል የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን ስትቀዱ ጌጁ ከእውነቱ በላይ ይላል። በምትጠቀሙበት ነዳጅ እንደገና ለኩ።

ጌጁ ግማሽ ይላል፣ ሞተሩ ይቆራረጣል

አየር ላይ ከሆናችሁ አትመራመሩ። ወደ ሌላው ጋን ቀይሩ፣ ፓምፑን አብሩ። ምርመራው መሬት ላይ ይደርሳል። የጋኑን ክዳን ስትከፍቱ አየር ስቦ ከገባ የጋኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ብዙ ጊዜ የሚደፍነው ጭቃ ቤት የሚሠራ ነፍሳት ነው። ጥረጉት፣ አፉ ላይም ወንፊት አድርጉ።

ቆጣሪው ከነዳጅ ማደያው ጋር አይስማማም

ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ የሚቆጥረው የፍሰት ቆጣሪ ጋኑ ውስጥ ያለውን አያውቅም። የሚያውቀው በእሱ በኩል ያለፈውን ብቻ ነው። ከሱ በፊት የሚያፈስ ቦታ ካለ አይቆጥረውም። በአንድ ጋሎን ስንት ምት እንደሚቆጥር የሚነግረውን ቁጥር እንዲህ አርሙ፦ የድሮውን ቁጥር ቆጣሪው ባለው ጋሎን አባዙ፣ በእውነት በቀዳችሁት አካፍሉ። ቁጥሩ 68,000 ሆኖ ቆጣሪው 22 ካለና 20 ከቀዳችሁ፣ አዲሱ ቁጥር 74,800 ነው። ነዳጅ ወደ ጋኑ የሚመልስ መስመር ካለ ግን፣ እንደ ሮታክስ 912 ሞተር፣ የተመለሰውን የሚቀንስ ሁለተኛ ሴንሰር ያስፈልጋል።

ሁሉም ይሠራል፣ ግን አይታይም፣ እጅም አይደርስም

ይህ ነው ልቤን የሚያሳምመኝ። ዘፋኙ ጆን ዴንቨር ጥቅምት 12 ቀን 1997 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ አጠገብ ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። አውሮፕላኑ በገዛ እጅ የሚሠራው ሎንግ ኢዚ ነበር፤ ሌላ ሰው ሠርቶት እሱ ገና መግዛቱ ነው። ሠሪው የጋን መቀየሪያውን እጀታ በፕላኑ ከታዘዘው ቦታ አንስቶ ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ አደረገው። እጀታውም የነዳጅ ማሳያውም ምልክት አልነበራቸውም። ማሳያውን ለማየት አብራሪው መስታወት ተሰጥቶት ነበር። ነዳጅ ይቀዳልህ ሲባልም አልፈልግም አለ። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ እጀታውን ለመድረስ ሲዞር ሳያስበው አውሮፕላኑን ወደ ቀኝ የሚያዞረውን ፔዳል ረገጠ።

ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ። ቀበቶውን አጥብቃችሁ እሰሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እጀታውን ፈልጉና ከግራ ወደ ቀኝ ጋን ቀይሩ። ትከሻችሁ ከዞረ ወይም እግራችሁ ከተነቃነቀ፣ እጀታውን ከቦታው አንሱት።